ስኳር ሳይቀድመኝ

ሰኞ፣ ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 12፡30

ራት በላን፣ ተነሣን። ባሌ ኑሩ ልጃችንን ሐያትን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ከፊት፣ እኔ ሆዴን ደግፌ ከኋላ። እስከ መናኸሪያው ደርሶ መልስ። ሃያ ደቂቃ! ትናንት አሥራ አምስት ነበር። ጎረቤቶች በር ላይ ሆነው ይስቃሉ። ነፍሰ ጡር በልታ ጋደም ትላለች እንጂ ከተማ ትዞራለች እንዴ? ይሳቁ። አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ፣ ደብተሬ፤ እግሬ መሬት አልነካ ብሏል።

ነገሩን ልንገርሽ። ከአራት ዓመት በፊት ሐያትን ስወልድ በጣም ትልቅ ነበረች። ጭንቅላቷ ወጥቶ ትከሻዋ ተያዘ። በብዙ ጭንቅ ወጣች፤ ግን የግራ እጇ ተጎዳ። ዓመት ሙሉ አላነሣችውም። አሁን አልሐምዱሊላህ፣ በዚያው እጇ ወንድሟን ላዝለው ትለኛለች። ወንድም መሆኑን ማን እንደነገራት እንጃ።

ያኔ ስኳሬን የለካው ሰው አልነበረም። ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያ ስሄድ ሲ/ር ትዕግሥት ይህን ሁሉ ጠይቃ ጻፈች። በእርግዝና የሚመጣ ስኳር ኖሮብሽ ሊሆን ይችላል፣ እርግጠኛ መሆን ግን አይቻልም አለች። ስድስተኛ ወር ላይ እንመረምርሻለን፤ እስከዚያ ብዙ ልትሠሪ ትችያለሽ፣ ጊዜ አለሽ አለችኝ። ጊዜ አለሽ! ቃሏን እየደጋገምኩ ነው ቤት የደረስኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 14፣ በት/ቤት ዕረፍት ሰዓት

ሻይ ያለ ስኳር። ሦስት ማንኪያ ነበር የማደርገው። የመጀመሪያው ቀን እንደ ኮሶ፣ ዛሬ ይጠጣል።

ሒሳብ አስተማሪ መሆን ጠቀመኝ። ሳህኔን በዓይኔ ለአራት እከፍለዋለሁ። ሁለቱ እጅ ጎመን ወይም ሰላጣ፣ አንዱ እጅ ምስር ወይም እንቁላል፣ አንዱ እጅ እንጀራ። ሲ/ር መራብ ክልክል ነው ብላለች፤ በመሐል ሽምብራ ቆሎ እቆረጥማለሁ። ለስላሳ የለም። ጭማቂ የለም፤ ብርቱካኑን ራሱን እበላለሁ።

ከሰዓት። ተናድጃለሁ። የአስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ብስኩት ተበላ። ሁሉም እያየኝ በላ። ወጥቼ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ንዴቴ ሲበርድልኝ ሕፃኑ ረገጠኝ! የመጀመሪያው ነው! የዘጠነኛ ክፍሎች ብቻዬን ስስቅ አዩኝ። ምን ቸገረኝ!

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 24፣ ሞጣ

እናቴ ቤት ነኝ። ኑሩ በሚነዳው ሚኒባስ ከሌሎች ተሳፋሪዎች ጋር ጭኖ አመጣኝ። እማዬ ገበያ ወጥታ ቅመም ትሸጥ ነበር፣ እኔን ብላ ሸቀጧን ሰብስባ መጣች። ወፍራም አጥሚት ሠርታለች። ማሩ ከላይ ይታያል።

ሁለት ጊዜ ፉት ብዬ አስቀመጥኩት። ምክንያቱን በቀስታ አስረዳኋት። ፊቷ ተለወጠ።

«አንቺን አርግዤ ሳለሁ ማር በጣሳ ነው የጠጣሁት። ምን ሆንሽ? አስተማሪ ሆንሽ!»

ሳቄ መጣ። አልሳቅኩም። ሐያትን አስታወስኳት፣ እጇን። እጇ በአላህ ፈቃድ ነው የተያዘው፣ በማር አይደለም አለች። ከዚያ የማይረሳ ነገር ተናገረች፤ በሆድሽ ያለውን ልታስርቢው ነው ወይ? ብላ። እኔም ያልታረመ መለስኩላት። መምጣቴን ጠላሁት። ሐያት ብቻ አጥሚቱን ጨረሰችው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 27፣ ቢቸና

ከት/ቤት ስመለስ እማዬ ደጃፌ ላይ ተቀምጣለች! ከጎኗ አንድ ቆርቆሮ ማር፣ አንድ ቅል ቅቤ። እስክትወልጂ ከዚህ አልነቃነቅም አለች። ይቅርታ አልጠየቀችም፤ አልጠየቅኳትም። ጉልበቷን ሳምኩ፣ ግንባሬን ሳመችኝ። በቃ።

ማሩ መደርደሪያ ላይ ነው። ሁለታችንም እናየዋለን።

ዓርብ፣ ህዳር 7፣ ከቀኑ 8፡00

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ምርመራው ዛሬ ነበር። ባዶ ሆዴን ሄድኩ። እማዬ ልጄን የምታስፈራራውን ሴት አያታለሁ ብላ ተከተለችኝ። ሲ/ር ጣቴን ልትወጋ ስትል ፈራሁ። እማዬ እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ዘረጋች።

«ከእኔ ጀምሪ፣ ልጄ። ይህች ከሕፃንነቷም መርፌ ስታይ የምትጮህ ናት።»

ሲ/ር ሳቀች። «እማማ፣ ቁርስ በልተዋል?»

«ልጄ ሳትበላ እኔ እበላለሁ?»

ወጋቻት። ማሽኑን አየች። ሳቋ ጠፋ። የእማዬን እጅ በሳሙና አስታጥባ ሌላ ጣት ወጋች። ያው ነው። ብዙ ውሃ ይጠጣሉ? አዎ። ሌሊት ለሽንት ይነሳሉ? ኧረ አምስቴ። ዓይንዎ? ብዥ ይላል። እኔ ሳልጠይቃት የኖርኩትን ነገር ሁሉ ሲ/ር በሁለት ደቂቃ ጠየቀች። የእማዬ ስኳር ከልክ በላይ ነበር። በጣም። ወዲያው ወደ ሆስፒታሉ ወረቀት ጻፈችላት።

ከዚያ የእኔ ተራ። ጣት። በስኳር የተበጠበጠ ውሃ፤ ከስንት ሳምንት በኋላ፣ አንገሸገሸኝ! አንድ ሰዓት፣ ጣት። ሌላ አንድ ሰዓት፣ ጣት። እማዬ አጠገቤ እጄን ይዛለች።

የእኔ ደህና ነው። ሦስቱም ልክ ደህና! መጮህ አማረኝ። ዘወር ስል እማዬን አየሁ። ሳቅኩ፣ አለቀስኩ፣ የቱ የቱ እንደሆነ አላውቅም። እሷ ግን እጇን ዘርግታ እልል አለች። እዚያው ወረፋው መሐል። የማናውቃቸው ሴቶች አጀቧት።

ሲ/ር ደስታዬን ሳታበርድ ጨመረችልኝ። እናት ስኳር ካለባት ልጅም የበለጠ መጠንቀቅ አለባት። የጀመርሽውን አታቁሚ፤ ወልደሽም ቢሆን።

ሰኞ፣ ህዳር 10፣ ከምሽቱ 1፡00

ሆስፒታሉም ያንኑ አለ። እማዬ መድኃኒት ጀመረች። ዛሬ ራት ላይ ሳህኗን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

«በይ ክፈይልኝ፣ አስተማሪዋ።»

ለአራት ከፈልኩላት። እንጀራው ሲያንስባት ቅር ብሏት አየችኝ፤ ጎመኑን ግን ጨረሰች። ከራት በኋላ አራት ሆነን ወጣን። እማዬ በየበሩ እየቆመች ሰላምታ ስለምታበዛ ሃያው ደቂቃ አርባ ሆነ። ጎረቤቶች ዛሬ አልሳቁም። አንዷ እንዲያውም ነጠላዋን አንሥታ ተከተለችን!

ሐሙስ፣ ህዳር 20፣ ከጠዋቱ 2፡00

ዛሬ ጤና ጣቢያው የነፍሰ ጡሮች ስብሰባ አለው። ሲ/ር ልምድሽን ንገሪያቸው ብላኝ ሁለት ገጽ አዘጋጀሁ። አሁን ለእማዬ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ይህ ለተማሪ ይሆናል፣ ለእነዚያ ሴቶች ግን አይሆንም አለች። ግማሾቹን እናቶቻቸውና አማቶቻቸው ናቸው የሚያበሏቸው፤ እናት የምትሰማው እናትን ነው። ስለዚህ እኔ እናገራለሁ አለች።

ምን ትያለሽ? አልኳት።

«ልጄን ላጠግብ ብዬ ልጎዳት ነበር እላለሁ። ሌላ ምን አለ?»

እናቴ! በሰው ፊት!

ወሰንኩ፣ ደብተሬ። የምወልደው ሆስፒታል ነው፤ ይህ አልቋል፣ ኑሩም ተስማምቷል። ወረቀቴን ደግሞ እዚሁ ውስጥሽ አጥፌ እተወዋለሁ። እሷ ትናገር። እኔ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ እ— መጣሁ እማዬ! መጣሁ! ጫማዋን አድርጋ በሩን ከፍታ ትጠብቀኛለች።