የዘጠኝ ቁጥሯ ያልተቆጠሩ ኳሶች

ቀን፦ ግንቦት 20

ለታዳጊ ስፖርተኞች ማሠልጠኛ ማዕከል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ልጄ ከቅርጫት ኳስ ሠልጣኞች ዝርዝር የተሰረዘችበት ውሳኔ እንዲታገድና ችሎታዋ በዓይን ታይቶ እንደገና እንዲመዘን ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች በመደበኛ ሥራዬ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በሰፈራችን የቅርጫት ኳስ ሜዳ የውጤት ጠረጴዛ ጸሐፊ ሆኜ ላለፉት አሥራ አራት ዓመታት በበጎ ፈቃድ አገልግያለሁ። ማን ነጥብ እንዳስቆጠረ፣ ማን ኳስ እንዳቀበለ፣ ማን እንዳባከነ በእርሳስ የምመዘግበው እኔ ነኝ፤ ወረቀቱም ከየጨዋታው በኋላ ለማዕከልዎ ይላካል። ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በዚያው ሜዳ ዘጠኝ ቁጥር መለያ ለብሳ ትጫወታለች። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው እንድነሳ ይፈቀድልኝ።

2. ማዕከልዎ ግንቦት 4 ቀን በጻፈው ደብዳቤ፣ ልጄ «በሁለት የውድድር ዓመታት በአኃዝ ሲመዘን እድገቷ የቆመ ሆኖ በመገኘቱ» ለመጪው ዓመት ከተያዙት ሠልጣኞች መሰረዟን አስታውቆናል። ደብዳቤው በጠቅላላው አራት መስመር ነው። የተቀበለችው ራሷ ናት። አንብባ መልሳ አጠፈችው፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው፣ ከዚያም የመጫወቻ ጫማዋን ከበሩ ጀርባ ባለው ምስማር ላይ ሰቀለች። ጫማው እስከ ዛሬ እዚያው ነው። እኔም በዚያ በር በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

3. ምክንያቱን ለመጠየቅ ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። በመጀመሪያው ቀን ባለሙያው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። በማግስቱም ስብሰባው አላለቀም። በሦስተኛው ቀን ኮሪደሩ ላይ፣ አንድ እግሩ በተሰበረ ወንበር ላይ፣ እንዳልወድቅ ግድግዳውን ተደግፌ ከጧት እስከ ምሳ ሰዓት ተቀምጬ ገባሁ። የአኃዝ ባለሙያው ከልጄ በዕድሜ ብዙም የማይርቁ፣ ትሁት ሰው ናቸው። ኮምፒውተራቸውን ወደ እኔ አዙረው ቁልቁል የሚወርድ ቀይ መስመር አሳዩኝ፤ አምና በጨዋታ አሥራ አራት ነጥብ፣ ዘንድሮ ስምንት። ስትጫወት አይተዋት ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «አባቴ፣ ማየት እኮ አያስፈልግም። ቁጥር አይዋሽም» አሉኝ። የቢሯቸው መስኮት ቁልቁል የሚያየው የማዕከሉን ሜዳ ነው። መጋረጃው ግን ብርሃን ኮምፒውተሩ ላይ እንዳያርፍ ተዘግቷል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ከዚህ ሌላ ምን እንደሆነ አላውቅም።

4. በእኔ ሥራ የአንድ ቤት ቆጣሪ ካለፈው ወር ድንገት ዝቅ ብሎ ካገኘሁት በር አንኳኩቼ እጠይቃለሁ። ሰዎቹ ቤቱን ለቀው ይሆናል፤ ቧንቧ ተዘግቶ ይሆናል፤ ቆጣሪው ራሱ ተበላሽቶም ይሆናል። ማዕከልዎ አንድ በር ቢያንኳኳ ኖሮ የሚከተለውን ይሰማ ነበር። አምና ጨዋታ ታቀናብር የነበረችው ልጅ ጉልበቷ ተጎዳ። አሠልጣኟ ልጄን ጠርታ «ከዛሬ ጀምሮ ሥራሽ ማስቆጠር አይደለም፤ ሌሎቹ እንዲያስቆጥሩ ማድረግ ነው» አለቻት። ልጄም እሺ አለች። ሳታንገራግር፣ የምትወደውን ትታ። አምና ከስምንት ቡድን ሰባተኛ የወጣው ቡድን ዘንድሮ ሁለተኛ ነው። ነጥቧ የቀነሰው አድጋ ነው እንጂ ቆማ አይደለም።

5. ይህንን ስነግራቸው ባለሙያው የሰጡኝ መልስ ግን ተገቢ ነበር፤ ይበልጥ ያንገበገበኝም እሱ ነው። «ኳስ አቀባይ ከሆነች ታዲያ አሲስቷ የታለ?» አሉኝ። አሲስት ማለት ነጥብ ያስገኘ ኳስ ማቀበል ነው። በመዝገቡ ላይ ያላት በጨዋታ ሁለት ብቻ ሲሆን ያባከነችው ከሦስት በላይ ነው። ተነስቼ ወጣሁ። ደረጃውን ስወርድ ሲገለብጡ ተሳስተዋል፣ አለዚያም አንድ ሰው ቁጥሩን ነካክቶታል ብዬ በልቤ ምዬ ነበር። የራሴን መዝገብ ለመጠርጠር አልደፈርኩም።

6. በቡድኑ ውስጥ «ረጅሟ» የምትባል ልጅ አለች። እናቷ ነርስ ናቸው፤ ተረኛ ባልሆኑበት ቅዳሜ ሁሉ ከቅርጫቱ ጀርባ ቆመው ጨዋታውን በስልካቸው ይቀርጻሉ። የአሥራ አንድ ጨዋታ ቀረጻ ሰጡኝ። ማዕከሉን አሳፍራለሁ ብዬ፣ እርሳሴን ቀርጬ፣ ከሰኞ ጀምሮ አራት ቀን ከሥራ መልስ ተቀምጬ ቆጠርኩ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። የግልበጣ ስህተት አንድም የለም። ቁጥሩ እንዳለ የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው። በአሥራ አንዱ ጨዋታ ለልጄ የጻፍኩላት አሲስት ሃያ ሦስት ነው። ሌሎቹን በምለካበት መለኪያ ስቆጥረው ስልሳ አንድ ሆነ። አባክናለች ብዬ ከጻፍኩባት ሠላሳ ሰባት ኳሶችም አሥራ ስድስቱ ያመለጡት ከሌሎች እጅ ነው።

7. እንዴት እንደሆነ ላስረዳ። ኳስ የተቀበለችው ልጅ አንድ ሁለቴ አንጥራ ብታስቆጥር፣ ለአቀባይዋ አሲስት ይጻፍላት ወይስ አይጻፍላት የሚለውን የሚፈርደው ጸሐፊው ነው። በሚያጠራጥረው ጊዜ ለሰው ልጅ ስሰጥ ኖሬያለሁ። ለልጄ ከልክያለሁ። ከአራት ዓመት በፊት መጀመሪያ በተሰለፈችበት ቀን አንድ ወላጅ ከኋላዬ «ጸሐፊው አባቷ፣ ምን ይቸግራታል» ብሎ ሲስቅ ሰማሁ። ያ ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣም። ሰውየውን ዞር ብዬ ልክ ማስገባት ሲገባኝ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነና በልጄ ላይ ጨከንኩ። ባለቤቴ ያኔውኑ «ለሰው ልጅ እጅህ ይፈታል፤ ለልጅህ ሲሆን ይታሰራል» ብላኝ ነበር። አንቺ ደግሞ ስለ ኳስ ምን ታውቂያለሽ አልኳት። አሁን ፊቷን ማየት አፍራለሁ።

8. ሆኖም የእኔ ጥፋት የማዕከሉን ጥፋት አያጥበውም። ይህን ስል ቁጣዬ በርዶ አይደለም። የአንዲት ልጅ የሁለት ዓመት ላብ በአንድ ሰው እርሳስ ብቻ ሲመዘን፣ ይህ ሰው ማን ነው ብሎ የጠየቀ ከቢሮዎ አንድ እንኳ አልተገኘም። በእያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ ሙሉ ስሜና ፊርማዬ አለ። ያ ስም የልጄ የአባት ስም ነው፤ በዚያው ወረቀት አናት ላይ ከእሷ ስም ቀጥሎ ተጽፏል። ለሁለት ዓመት በማዕከሉ እጅ ሲገባ አንድም ሰው ላይና ታቹን አላነበበውም። ቁጥሩን ለመደመር የተጉትን ያህል ለማንበብ ቢተጉ ኖሮ እኔም ቀድሜ እያዝ ነበር፣ ልጄም አትሰረዝም ነበር።

ስለዚህ፦

ሀ) ዝርዝሩ ሰኔ 1 ቀን ስለሚዘጋ፣ በልጄ ላይ የተላለፈው ውሳኔ ከዚያ በፊት እንዲታገድልኝ፤

ለ) የቀሩትን ሁለት ጨዋታዎች ማዕከሉ የሚልከው ሰው ሜዳው ድረስ መጥቶ እንዲያይ፣ አባሪ ያደረግኩትንም ቀረጻ እኔ በሌለሁበት እንደገና እንዲቆጥር፤ የእኔን አዲስ ቁጥር እንዲቀበል አልጠይቅም፣ አንድ አባት ሁለት ጊዜ ሊታመን አይገባውም፤

ሐ) በእኔ ላይ የሚወሰን ቅጣት ካለ እንዲነገረኝ። ከጠረጴዛው በፈቃዴ ተነስቻለሁ። እርሳሱንም ለረጅሟ እናት አስረክቤአለሁ። እሳቸው ደግሞ በልጃቸው ላይ እንዳይጨክኑ አደራ ብያለሁ።

በመጨረሻም አንድ እርማት አለኝ። ይህን ማመልከቻ ከመፈረሜ በፊት ልጄ እንድታነበው ሰጠኋት፤ ይቅርታ የምጠይቅበት ሌላ መንገድ አጥቼ ነው። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ቀስ ብላ እስከ መጨረሻው አነበበችና «አውቃለሁ አባዬ። እኔም ስቆጥር ነበር። ሰው እንዳይስቅብህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለችኝ። ከዚያም የሒሳብ ደብተሯን ከኋላ በኩል ገልጣ የእያንዳንዱን ቅዳሜ ቁጥር አሳየችኝ። የአሥራ አንዱ ጨዋታ ድምር ሃምሳ ስምንት ነው። ሦስቱን ለምን እንደተወቻቸው ብጠይቃት «እነሱን ረጅሟ ራሷ ታግላ ነው ያስቆጠረቻቸው፤ የኔ አይደሉም» አለች። ቀረጻውን ደግሜ አየሁት። እውነቷን ነው። በመሆኑም በተራ ቁጥር 6 ላይ ስልሳ አንድ ያልኩት ሃምሳ ስምንት ተብሎ እንዲነበብልኝ በትህትና አመለክታለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የዘጠኝ ቁጥሯ አባት
የቀድሞ የውጤት ጠረጴዛ ጸሐፊ