ወይዘሮ ኤርማ ቮስ እና የቀሯቸው አሥራ አንድ ገጾች

ወይዘሮ ኤርማ ቮስ ከአባታቸው ከአቶ ካሲሚር ዶብሪንስኪ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቴክላ ሩዝጋ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 4 ቀን 1939 በባልቲሞር ከተማ፣ ሃይላንድታውን በተባለው ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ወይዘሮ ኤርማ ከመምህራን ኮሌጅ ተመርቀው ከ1961 ጀምሮ ሠላሳ አራት ዓመት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነው አገልግለዋል። በ1964 ከአውቶቡስ ሾፌሩ ከአቶ ሌስተር ቮስ ጋር ትዳር መሥርተው ኖሪንንና ዋልተርን ወለዱ። እየበሉ ማንበብ ይወዱ ስለነበር የባልቲሞር ሰው ምግቡ ላይ የሚነሰንሰው የሸርጣን ቅመም ያልነካው መጽሐፍ ከቤታቸው አይገኝም።

በ1983 ከአምስት ጓደኞቻቸው ጋር በንባብ ክበባቸው ውስጥ የበኩር ልብ ወለድ ሽልማትን አቋቋሙ። ሽልማቱ የሚሰጠው የሳይንስ ምናብ፣ የአስማት ዓለም ወይም የአስፈሪ ታሪክ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ላሳተመ ደራሲ ሲሆን፣ የሚመርጡት የክበቡ አባላት ናቸው።

በ1991 ወይዘሮ ኤርማ አንድ አስፈሪ ልብ ወለድ ግማሹ ላይ ትተው ሌላ መጽሐፍ መረጡ፤ የመረጡትም በአንድ ድምፅ ብልጫ አሸነፈ። የተዉትን በኋላ ሲጨርሱት የሚበልጠው እሱ ሆኖ አገኙት። በስብሰባ ተነሥተው ጥፋታቸውን ተናገሩ፤ ለደራሲውም የይቅርታ ደብዳቤ ጻፉ። መልስ አልመጣላቸውም። ለዚህ ሽልማት ማንም ሁለት ጊዜ እንደማይቀርብ ያውቁ ስለነበር፣ የቀረቡትን መጻሕፍት እስከ መጨረሻው ያላነበበ እንዳይመርጥ የሚለውን ደንብ ያስጸደቁት እሳቸው ናቸው። ደንቡ ጊዜ የሌላቸውን አባላት ስላስቀረ ቅር ያላቸው ነበሩ፤ ቅሬታቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም።

ባለፈው ዓመት በልብ ሕመም ተያዙ። ዐይናቸውም ደክሞ ስለነበር ኖሪን ታነብላቸው ጀመር። ዘንድሮ ሁለት መጻሕፍት እኩል ድምፅ አግኝተው የወይዘሮ ኤርማ ብቻ ሲጠበቅ፣ ከአንደኛው መጽሐፍ አሥራ አንድ ገጽ ይቀራቸው ነበር። የክበቡ ሊቀመንበርና የአርባ ዓመት ጓደኛቸው አቶ ሁበርት ሆስፒታል መጥተው፣ «አንቺ ግትር፣ አሥራ አንድ ገጽ ምን አላት? የትኛውን እንደወደድሽ እኮ ሁላችንም እናውቃለን» አሏቸው።

«እኔ ደግሞ መጨረሻውን አላውቅም» ሲሉ መለሱላቸው።

የቀረውን ለነገ አሳደሩት። በማግሥቱ ኤፕሪል 17 ቀን 2024 ማለዳ፣ በ85 ዓመታቸው ዐረፉ። የድምፅ መስጫ ካርዳቸው ባዶ ነበር፤ ቤተሰቡም ባዶውን መለሰ። ሽልማቱን ሁለቱ ደራሲዎች እኩል ይካፈላሉ።

ባለቤታቸው በ2009 ቀድመዋቸዋል። ሁለት ልጆችና አራት የልጅ ልጆች ትተውልናል።

ከቀብሩ በኋላ ኖሪን አሥራ አንዱን ገጽ በመቃብራቸው አጠገብ ስለምታነብ፣ እስክትጨርስ ማንም እንዳይሄድ ቤተሰቡ በትሕትና ይለምናል። የጀመሩትን ለመጨረስ የታገሡትን የወይዘሮ ኤርማን ነፍስ እግዚአብሔር በሰላም ይቀበልልን።