ስለ ባለ ብረቱ ጫማና አብረን ስላየነው ወንዝ

ነገሌ፣ የካቲት 4 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለክቡር ሻምበል ባሻ ኃይለመስቀል
የነገሌ ጡረተኛ ወታደሮች መረዳጃ ማኅበር ሊቀ መንበር
ካሉበት

ክቡር ሊቀ መንበር ሆይ፤

ከሁሉ በፊት ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ፣ ወገብዎና ዓይንዎ እንዴት ሰነበቱ? ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን የማስታወስ ኃይልዎ እንዲበረታልዎ እመኛለሁ፤ በጥር ወር ስብሰባ ላይ ብርቱ ሕመም እንዳገኘው ሰባ ሰው በተቀመጠበት በዓይኔ አይቻለሁና። እኔ ደህና ነኝ። የማኅበሩ ቃለ ጉባኤ ግን ደህና አይደለህም ይለኛል፤ በዚህ ጉዳይ ከጽሕፈት ቤትዎ ጋር ስላልተስማማሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካበቀልኩ በኋላ በጦር ሠፈር ስለሆነ አንዳንዱ ፊደል ተንጋዶ ቢያገኙት አይፍረዱበት፣ እሱም እንደ እኔ ጡረተኛ ነው። ጸሐፊ አጥቼ አይደለም። ሌላ ሰው ቢጽፍልኝ "ይህ የጉግሳ ቃል አይደለም፣ የሱማ አእምሮው ደክሟል" ይባላል ብዬ ነው። ሦስት ቅጂ አድርጌዋለሁ፤ አንዱ ለእርስዎ፣ አንዱ ለሠፈሩ በር ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ አንዱ ለዓብዱልሀኪም ሱቅ በር።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከሥሩ ላስረዳ። በታኅሣሥ ወር ከባሕር ማዶ አንድ ጆንያ ሰልባጅ በማኅበራችን ስም መጣ። በውስጡ ዘጠኝ ጥንድ ጫማ ተገኘ፤ ቆዳው ጥቁር፣ አፍንጫው ጠንካራ፣ ቁመቱ ከቁርጭምጭሚት የሚያልፍ፣ ከሶሉ በታች ግን ከተረከዝ እስከ ጣት የተዘረጋ፣ እንደ ቢላዋ የቀጠነ ብረት ያለው። ክቡር ሊቀ መንበራችንም ጫማውን ከፍ አድርገው አሳዩንና ይህ ለዝናብ ጊዜ የተሠራ ነው፣ ብረቱ ጭቃውን እየነከሰ ያስኬዳል ብለው ዘጠኝ ጡረተኞች እየለካን እንድንወስድ አዘዙ። ከዘጠኙ አንዱ እኔ ነኝ።

አንደኛ፤ ጫማው ልክ ስለመሆኑ።

በምስጋና ልጀምር። እንደሚያውቁት የግራ እግሬ ሁለት ጣት የለውም፤ ትንሿና ጎረቤቷ ኮርያ ቀርተዋል። ከዚያ ወዲህ በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ልክ የሆነኝ ጫማ አልገጠመኝም። ከመጋዘን የሚሰጠን ከስክስ ቀኙ ሲጠበኝ ግራው ይዋኛል። ስለዚህ ለክታችሁ ውሰዱ ሲባል ከልቤ ለካሁ። የመጀመሪያው ጥንድ ጣቶቼን አጣጥፎ ያዘኝ። በሁለተኛው ተረከዜ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ቤት የተከራየ እንጂ የገዛ አይመስልም። ሦስተኛው የቁርጭምጭሚቴን አጥንት ነከሰኝ። አራተኛውን ሳጠልቅ ግን ተረከዜ ወደ ኋላ ገብቶ ቁጭ አለ። አውራ ጣቴ ጫፉን ነካ አደረገው እንጂ አልተጫነውም። ክሩን ከታች ላላ፣ ከላይ ጠበቅ አድርጌ ሳስረው እግሬን የሰው እጅ የያዘው መሰለኝ። የጎደሉት ጣቶቼ ቦታም ጥቂት ሱፍ ብጨምርበት ሞላ። ዕድሜዬን ሙሉ ስፈልገው የነበረ ጫማ ይኸው ነው። አንድ እንከን ብቻ አለበት፤ መሬት ላይ አይሄድም።

ለዚህ እንከን አልወቅስዎትም። የሠሩት ሰዎች ለነገሌ ብለው አልሠሩትም። የምወቅስዎት ለምን እንደተሠራ እያወቁ የጭቃ ነው ስላሉን ነው።

ሁለተኛ፤ እርስዎ ማወቅዎን እኔ እንዴት እንዳወቅሁ።

ጆንያው በተፈታ ጊዜ አንዱ ማረሻ ነው፣ ሌላው የሥጋ ቢላዋ ነው ሲል፣ እርስዎ አንዱን አንስተው ስለቱን በአውራ ጣትዎ ጥፍር ዳሰስ አደረጉና ፈገግ አሉ። ያንን ፈገግታ አውቀዋለሁ። ኮርያ፣ በብርዱ ወራት፣ ከወንዝ ዳር አብረን ቆመን ያየሁት ነው። ወንዙ ከዳር እስከ ዳር በረዶ ሆኖ ጠጥሮ ነበር። ከብርድ አገር የመጡ የፈረንጅ ወታደሮች እንዲህ ያለውን ባለ ብረት ጫማ አድርገው፣ ቆልማማ ዱላ ይዘው፣ አንዲት ጥቁር ክብ ነገር እያባረሩ ልክ እኛ የገና ጨዋታ እንደምንጫወተው ይጋፉ ነበር፤ ልዩነቱ እነሱ አይሮጡም፣ ይንሸራተታሉ። አንድ ወፍራም መቶ አለቃ በመቀመጫው ወድቆ እስከ ማዶ ድረስ ሲንሸራተት፣ እርስዎ ከሳቅ የተነሣ መቆም አቅቶዎት ጠመንጃዎን የያዝኩልዎት እኔ ነኝ።

በዚያው ዕለት እግሬ አልሰማ ብሎኝ ስቀመጥ፣ የአንገት ልብስዎን ፈትተው ጠቀለሉልኝ፤ እስከ ሐኪሙ ድንኳን ድረስም አዘሉኝ። ሁለት ጣት ቀረ እንጂ እግሬ የተረፈው በእርስዎ ጀርባ ነው። ይህን አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ለሰማኝም ላልሰማኝም ተናግሬያለሁ፣ ዛሬም አልደብቅም። ያቃጠለኝም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢክደኝ ኖሮ ፊቴን አዙሬ እሄድ ነበር እንጂ ወረቀት አላበላሽም።

ሦስተኛ፤ ስለ ደሳለኝ እጅ።

ጫማው በታደለ ማግስት ከቢሮው ጀርባ ወስጄዎ፣ ሰው ሳይሰማ፣ ሻምበል ባሻ ይህ ጫማ ያ ጫማ ነው አልኩዎ። እርስዎም ትከሻዬን ይዘው "ጉግሳ፣ ተው። ዘጠኝ ጥንድ የጭቃ ጫማ ተረክበን ለዘጠኝ ችግረኛ አድለናል ብዬ ማኅተም አድርጌ ለበላይ ልኬአለሁ" አሉኝ። ማኅተም ከባድ ነገር ስለሆነ ዝም አልኩ። ያ ዝምታዬ ጥፋቴ ነው፤ ቃለ ጉባኤው እሱን ቢመዘግብ ኖሮ እፈርምበት ነበር።

ጓዳችን ደሳለኝ ግን የሊቀ መንበሩን ቃል አምኖ፣ ባለ ብረቱን ጫማ አሥሮ ረቡዕ ዕለት ከብት ገበያ ወረደ። ያየ ሰው እንደሚናገረው ግመሎቹ እንኳ መንገድ ለቀቁለት። ስድስት እርምጃ ያህል ሄደ፤ በሰባተኛው ወደቀ፤ የቀኝ እጁም ከአንጓው ላይ ተሰበረ። አንስቶ ወደ ሐኪም ቤት የወሰደው ጎሊቻ ነው፤ የማኅበራችን አባል ያልሆነ፣ ቦረና ነጋዴ፣ ማኅተም የሌለው ሰው።

አራተኛ፤ ስለ ጥር ወሩ ስብሰባ።

ደሳለኝ እጁን በጨርቅ አንጠልጥሎ ተቀምጦ ሳለ፣ ጥፋቱ የጫማው ሳይሆን የአረማመዱ ነው ብለው ሲናገሩ መቀመጥ አቃተኝ። ተነሥቼ የወንዙን ነገር ተናገርኩ። ሰው ሳቀ። በሰው አልፈርድም፤ በዚህ አገር ውሃ ማለት ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ከጉድጓድ የሚያወጣው ነገር ነው። ለደሳለኝ ሊመሰክር የመጣው ጎሊቻም በወግ ተነሥቶ፣ በኦሮምኛ ሰላምታ ጀምሮ "አካም ጉግሳ፣ ናጋ? እኛ ውሃ ሲደርቅ አይተናል። ሲጠጥር ግን አባቶቻችንም አልነገሩን። ከብቱ ታዲያ ምን ይጠጣል?" አለኝ። በመጥረቢያ እየሰበሩ ያጠጡታል አልኩት። ያን ጊዜ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልደነገጥኩም፤ ምስክር ነበረኝ። ወደ እርስዎ ዞርኩና ሻምበል ባሻ አብረን ነበርን፣ ይንገሯቸው አልኩ።

መነጽርዎን አወለቁ። ጠረጉት። መልሰው አደረጉት። ከዚያም "ኮርያ ብርድ ነበር። ሰው የሚጫወትበት ወንዝ ግን እኔ አላየሁም። አሥር አለቃ ጉግሳ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቸኝነቱ ከብዷቸዋልና ወንድሞቼ አትሳቁባቸው" አሉ። ስለ ርኅራኄዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ሰውን ውሸታም ማለት ነውር ስለሆነ አእምሮው ታሟል ማለት እንዴት ያለ ጨዋነት ነው።

ምናልባት ቃሌ ባይበቃ ብዬ አንድ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ስንቄ፣ በመኮንኖች ክበብ ወጥ ቤት የምትሠራው፣ በላምባ በሚሠራው ማቀዝቀዣ አንድ ሳህን ውሃ አጠጥራ፣ በሰጋቱራና በጆንያ ጠቅልላ ሰጥታኝ ነበር። ጠዋት ስቀበላት በጣቴ ብመታው ጠጠር ነበር። ነገር ግን ስለ ማኅበራችን እድገት ያደረጉት የመክፈቻ ንግግር ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀ፤ በውስጡም ብዙ ቁም ነገር ነበረበት ይባላል። የእኔ ተራ ደርሶ ጆንያውን ስፈታ ሳህኑ ውስጥ ያለው ውሃ ነው። ጎንበስ ብለው አይተው "ለእጅ መታጠቢያ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ጥሩ ቀልድ ነበር። እኔም ከኮርያ ጀምሮ ሲቀልዱ ደስ እንደሚሉኝ ያውቃሉ።

ቁጥሩ አምስት ላይ ደርሷል መሰለኝ፤ ይህኛውን ግን ቁጥር አልሰጠውም።

በቃለ ጉባኤው ገጽ ሃያ ሁለት ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ "አሥር አለቃ ጉግሳ ከባለቤታቸው ሞት ወዲህ አእምሮአቸው ስለደከመ ከማኅበሩ ሽምግልና እንዲያርፉ ተወስኗል።" ሄጄ በጣቴ እየተከተልኩ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ክቡር ሊቀ መንበር፣ ደመቀች ያረፈችው በሰኔ ነው። ሬሳዋን ከተሸከሙት አራት ሰዎች አንዱ እርስዎ ነዎት። ያን ወንዝ እሷ አላየችውም። ግን ብዙ ጊዜ ስለነገርኳት ስሳሳት ታርመኝ ነበር። መቶ አለቃው ወድቆ ተንሸራተተ ብዬ ሳልፍ "ኧረ ሁለቴ ነው የወደቀው፣ አንዱን ዘለልከው" ትለኝ ነበር፤ ከዳር ቆማ ያየች ያህል። ያላየችውን ስለ እኔ ብላ አምና ሞተች። እርስዎ ያዩትን ክደው፣ ለክሕደትዎ ማስረጃ ያደረጉት የእሷን ሞት ነው። ሌላ ምክንያት ማግኘት ይችሉ ነበር። አርጅቷል ቢሉ አልከራከርም። ጠጥቷል ቢሉም አንዳንድ ቀን እውነት ነው። የእሷን ስም እዚያ ገጽ ላይ ማግባት ግን አልነበረብዎትም።

የዚያ ገጽ ጽሑፍ ፍሬ ምን እንደሆነ ማወቅ ከፈለጉ፣ አሥራ አራት ዓመት በሽምግልና ስቀመጥ ቃሌን የመለሰ ሰው አልነበረም። ባለፈው ሳምንት ግን በአጥር ድንበር የተጣሉ ሁለት ሰዎች እስከ በሬ ድረስ መጥተው፣ እርስ በርስ ተያይተው፣ ሰላምታ ሰጥተውኝ ወደ ሌላ ሽማግሌ ሄዱ። ልጅ አልወለድኩም፤ መሬትም የለኝም። ደመቀችም ሄዳለች። የቀረኝ ሰው የሚያምነው ቃል ነበር።

ደብዳቤውን ለመለጠፍ ፈቃድ ስጠይቀው ዓብዱልሀኪም ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበውና "ጋሼ ጉግሳ፣ ወንዙን አላየሁትም። እርስዎን ግን ሃያ ዓመት አይቻለሁ" አለኝ። እንዲህ የሚል ሰው ኮርያ ዘምቶ ማየት አላስፈለገውም።

ስለዚህ የምጠይቅዎ እጅግ ጥቂት ነው። ሌላ ጫማ አልጠይቅም። የደሳለኝ እጅ በሐኪም እየዳነ ነው። ሊቀ መንበርነትዎንም አልመኘውም፤ ያን ያህል መናገር አልችልም። በመጋቢት ስብሰባ ላይ ተነሥተው "ወንዙ ጠጥሮ ነበር፣ ከጉግሳ ጋር አብረን አይተናል" ይበሉ፤ በገጽ ሃያ ሁለት ያለውንም በራስዎ ብዕር ይሰርዙት። ውሃ ከጠጠረ ማኅተምዎ ይሰነጠቃል ብለው እንደሚፈሩ ይገባኛል። ማኅተም ግን ሌላ ይቀረጻል።

ይህን እስኪያደርጉ ድረስ፣ ስለ ልኩ ጫማ፣ ስለ ረጅሙ ንግግር፣ ስለ አእምሮዬ ስላሰቡልኝ አሳብ፣ እንዲሁም ነፍሴን ያህል ስለምወደው፣ አንድ ጊዜ ስለ አዘለኝ ጀርባዎ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ከማኅበርዎ አባላት ሁሉ በታች፣ ከእርስዎ ጋር ግን በወንዙ ዳር እኩል የቆምኩ፣

አሥር አለቃ ጉግሳ በላይነህ
አእምሮው ደከመ የተባለው

ማስታወሻ፦ ደብዳቤው አደባባይ ከመለጠፉ በፊት በሰው ወግ የእርስዎን ቅጂ በእጅዎ ልስጥ ብዬ ትናንት ከቤትዎ መጥቼ ነበር። አልነበሩም። ባለቤትዎ እንደ ወትሮው በአክብሮት ሳሎን አስቀመጡኝ። ከሬዲዮኑ በላይ ያለው ፎቶግራፍ፣ ሁለታችን ጠመንጃ ይዘን የተነሣነው፣ ከእግራችን በታች ነጭ ሆኖ የሚታየው ያው ወንዝ እንደሆነ በስብሰባው ቀን ትዝ አላለኝም ነበር፤ ቃሌ ይበቃል ብዬ ስለነበር ይሆናል። ቀና ብዬ ባይ ፎቶግራፉ ወርዷል፤ ግድግዳው ላይ በልኩ ያልጠቆረ ቦታ ቀርቷል። ባለቤትዎም ዓይኔን ተከትለው አዩና አንገታቸውን ደፉ፤ ከስብሰባው ማግስት እርስዎ እንዳወረዱት ነገሩኝ። ለካ የማስታወስ ኃይልዎ ደህና ነው። ሚስማሩን ብቻ መንቀል ረስተዋል።