የጠዋቱ ኪኒን

አሰላ፣ ግንቦት 20

ይድረስ ለምራቴ፣ ልጄ ብዬ ለምጠራሽ፤

ሰላምታ መቅደም ነበረበት። ግን ሰላምታ ከጀመርኩ ነገር ነገርን እየወለደ ዛሬም ሳልነግርሽ እንዳይመሽብኝ ፈራሁ። ስለዚህ እውነቱን ላስቀድም። የኋላሸት ኪኒኑን አልተወም። የከለከልኩት እኔ አባቱ ነኝ። ባልሽ ቃሉን ያጠፈ መስሎሽ ሮሐን አዝለሽ ከቤት ስትወጪ ቆሜ አየሁሽ፤ አፌን አልከፈትኩም።

አሁን እንግዲህ፣ እንደምን አለሽልኝ? ሮሐስ? የሳጉሬ ብርድ አልከበዳትም ወይ? የእናትሽ ጉልበት ተሻለው? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና ነን። የጓሮው ጎመን ዘንድሮ አብዷል፤ የሚበላው ጠፍቶ ለጎረቤት እናድላለን። ይህን ጉዳይ በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ ግን ገበያው እንዴት ነው ብዬ ዘጋሁት። ከስድስተኛ ክፍል የቀረ ሰው ጽሑፉ ባያምርም፣ በወረቀት መዋሸት ይከብደዋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከስእለት ነው። የኋላሸት ግንባር ሳለ ሰባት ወር ወሬው የጠፋ ጊዜ፣ አንቺ ሮሐን አርግዘሽ ስታለቅሺ፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ፣ ልጄን በሕይወት ከመለስክልኝ ሁዳዴን ከቤቴ ማንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም ብዬ ተሳልኩ። ለአማትሽ ለአሰገደች እንኳ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አልነገርኳትም። መጣልን። ፍንዳታው ጭንቅላቱን ጎድቶት፣ እንቅልፉን ቀምቶት፣ በር በተንኳኳ ቁጥር እየደነገጠ መጣ፤ ግን መጣ።

ሐኪሙ ሁለት ነገር እንዳዘዘለት ታውቂያለሽ። አንዱ ጠዋትና ማታ የሚዋጠው ኪኒን ነው፤ ሌላው ሐሙስ ሐሙስ ከሲስተር ኦብሴ ጋር ተቀምጦ የሆነበትን ማውራት። አንቺም፣ ከሁለቱ አንዱን የተውክ ቀን እኔን በዚህ ቤት አታገኘኝም ብለሽ ቃል አስገባሽው። ስለሚረሳ ኪኒኑን ለእኔ አደራ ሰጣችሁኝ።

እኔ ግን ንግግሩን እንደ ንስሐ ቆጥሬ ወደድኩት፤ ኪኒኑን እንደ እምነት ማነስ አየሁት። ሐሙስ ሲመለስ ፊቱ ፈካ ብሎ፣ እራቱን ጨርሶ ሲበላ አይና፣ ይኸው በቃል እየዳነ አይደለም ወይ እላለሁ። ሁዳዴ ሲገባ ጭንቅ መጣ። ኪኒኑ በባዶ ሆድ አይዋጥም ተብሏል። ቁርስ ከበላ ስእለቴ ፈረሰ። የመለሰልኝ አምላክ መልሶ ይወስድብኛል ብዬ ፈራሁ። አንቺ በማለዳ ወደ ሥራ ትወጫለሽ፤ የሚያየኝ የለም። አባዬ፣ ኪኒኔስ? ሲለኝ፣ ገና እንቅልፍህ ሳይለቅህ ውጠሃል እኮ፣ ረሳኸው? አልኩት።

ሌላው ሁሉ ይቅር ይባል ይሆናል ልጄ፣ ይቺ ግን ታንገበግበኛለች። ጭንቅላቱ መጎዳቱን እያወቅሁ በመርሳቱ ተጠቀምኩበት። ግንባሩን አሸት አሸት አድርጎ፣ እሺ አባዬ ይለኝ ነበር።

የደብረ ዘይት ማግስት የሆነውን አንቺም አይተሻል። ሮሐን እንደታቀፈ ወደቀ፤ ተንቀጠቀጠ፤ የልጅቷ ግንባር ደማ። አንቺ፣ ትተኸዋል አይደል! ኪኒኑን ትተኸዋል! እያልሽ ስትጮሂበት እሱ ምላሱን ነክሶ መናገር አልቻለም። እኔ፣ እንጃ፣ ሳላየው ይተፋው ይሆናል አልኩሽ። ሆስፒታል ስንደርስ ደግሞ ለሐኪሙ አንድም ቀን አልቀረበትም አልኩት። አንድ አፍ፣ ሁለት ውሸት። ሐኪሙ አምኖኝ መጠኑን ጨመረበትና ልጄ ሁለት ሳምንት እንደ ሰካራም ግድግዳ እየተደገፈ ሄደ። ከዚያች ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት አብልቼ አስውጠዋለሁ፤ አንቺ ግን ሄደሻል።

ከፋሲካ በኋላ ለንስሐ አባቴ ለአባ ወልደጻድቅ ነገርኳቸው። ሰው በገዛ ሆዱ ይሳላል እንጂ በሰው ሆድ ሲሳል አንተን አየሁ! አሉኝ። ሕመምተኛ በልቶ መድኃኒቱን እንዲወስድ መፍቀድ ለእኛ የተለመደ ነው፣ አንድ ቀን ብትጠይቀኝ እግርህ ይሰበር ነበር? ብለው ተቆጡ። መቶ ስግደት ይሰጡኛል ብዬ ወገቤን ሳዘጋጅ፣ ቀኖናህ ለልጅህ መንገር ነው አሉኝ። ስግደቱ ይሻለኝ ነበር።

ሦስት ሐሙስ አብሬው ሄድኩ፤ ሦስቴም በሩ ላይ ቀረሁ። በአራተኛው ሲስተር ኦብሴ ብቅ ብላ፣ አባባ ይግቡ እንጂ፣ ወንበራችን አይናከስም አለችኝ። ገብቼ ተቀመጥኩ። ለመጀመር ያህል፣ ለመሆኑ የሚያድነው ኪኒኑ ነው ወይስ ወሬው? ብዬ ጠየቅኋት። የገበሬ ልጅ ናት፤ ሳቀችብኝ። ውኃ የተኛበት ማሳ ላይ ትራክተር ይገባል እንዴ አባባ? አለችኝ። ኪኒኑ ውኃውን ያንጠፈጥፋል፣ ንግግሩ ያርሳል። ውኃው ሳይወርድ ላርስ ካሉ ትራክተሩ ይሰምጣል፤ ወርዶም ካልታረሰ አረም ይወርሰዋል አለች። እዚያው፣ ያሰመጥኩት እኔ ነኝ አልኩ። ከስእለቱ ጀምሬ እስከ ሁለቱ ውሸት ድረስ ለየኋላሸት ፊት ለፊት ነገርኩት።

አልተቆጣኝም። ከኪሱ ትንሽ ደብተር አወጣ። ስለሚረሳ የዕለት የዕለቱን እንዲጽፍ ሲስተር ኦብሴ የሰጠችው ነው፤ እኔ መኖሩንም አላውቅ። የሁዳዴውን ገጽ ገልጦ ሰጠኝ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። ማታ ማታ «ኪኒን ዋጥኩ» ይላል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ «አባዬ ውጠሃል አለኝ» ይላል። በማግስቱም «አባዬ ውጠሃል አለኝ»። ሃያ ስምንት ቀን ሙሉ፣ አንድም ቦታ በጠዋቱ ላይ «ዋጥኩ» አላለም።

ጉልበቱን ልስም ዝቅ ስል በሁለት እጁ ያዘኝ። ለእሷ ግን እንዳትነግራት አለኝ። በእኔ መቆጣት ለምዳለች፤ አንተን እንደ አባቷ ነው የምታይህ አለኝ። ሲስተር ኦብሴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሐኪሙም እውነቱን ሲሰማ፣ እኔን በዓይኑ ገርፎ፣ መጠኑን ወደ ቀድሞው መለሰለት። አሁን ሁለቱንም ይዟል። ትናንት የጎረቤት በር በኃይል ሲዘጋ ክው አለና፣ በር ነው፣ በር ነው ብሎ ለራሱ ነግሮ ተመልሶ ተቀመጠ።

ነይ አልልሽም፤ ያን ለማለት አፍ የለኝም። የምፈርድበት ልጅ እንደሌለኝ፣ የምትፈርድብኝ ልጅ ግን እንዳለችኝ አውቃለሁ። በወጣሽ በገባሽ እመቤቴ ትከተልሽ። ሮሐን በቁመትም በጥበብም ያሳድግልሽ። እናትሽን በጤና ያቆይልሽ፤ እንጀራሽን ይባርክልሽ። አሜን።

ደብዳቤውን ትናንት እዚህ ላይ አጥፌ፣ ልጄ ሳያውቅ ለሳጉሬው ሚኒባስ ሾፌር ለአብዶ ልሰጠው መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ነበር። አብዶ እጁን ሲዘረጋልኝ፣ ከልጄ ጀርባ ሌላ ነገር ልሠራ መሆኔ ታወቀኝ። ነገ እሰጥሃለሁ ብዬው ተመለስኩ። ዛሬ ከማርያም ስንመለስ የኋላሸትን አጠገቤ አስቀምጬ፣ ከመጀመሪያው መስመር እስከዚህች ድረስ፣ አንዲት ቃል ሳልዘል አነበብኩለት።

ይቅርታሽን የምሻ፣
የባልሽ አባት