ተራ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ

ጥቅምት 3 ቀን 1978

ዛሬም ሽሮ። ሰገነት እንደ ልማዷ መሃል መሃሉን በልታ ዳር ዳሩን ለኔ ተወችልኝ። «የወሎ ሰው ጥርሱ ጠንካራ ነው» ትላለች። ሁለት ዓመት በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሳህን። እሷ የቄስ ልጅ፣ እኔ እስላም። ስጋ የቀረበ ዕለት ብቻ ተለያይተን እንቀመጣለን።

የሥነ ልቦና አስተማሪያችን መምህር አንዳርጋቸው መጠይቅ እንዳሰባስብላቸው መረጡኝ። ስለ ተማሪው ዓለም አቀፋዊ አመለካከት ነው አሉ። ሃያ ሕዝብ ተዘርዝሯል፤ በያንዳንዱ ፊት ሦስት ጥያቄ። በአንድ ማዕድ ትበላለህ? ጎረቤት ትሆናለህ? ትጋባለህ? ኩባ፣ ቪየትናም፣ ቡልጋሪያ... ከዚያ የኛዎቹ። ተራ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ላይ ወይጦ።

ወረቀቱን ቶሎ አጠፍሁት። ማንም አላየኝም መሰለኝ።

ጥቅምት 7

አደልሁ። እኔም መሙላት ነበረብኝ። ብሔረሰብ ከሚለው ፊት እንደ ምዝገባዬ «አማራ፣ ወሎ» አልሁ። ወሎዬ ያሰኘኝ ወታደሩ አጎቴ ነው፤ ደሴ ወስዶ አስተማረኝ። የተወለድሁት ግን እዚሁ ነው። ከግቢው በር ግማሽ ሰዓት ቢኬድ፣ ሐይቁ ዳር ደንገል አጭደው ታንኳ ከሚሠሩት ወይጦዎች ቤት።

ለማን ነው የምጽፈው? ይኸን ደብተር ሰው ቢያገኘውስ...

ጥቅምት 9

ከሰገነት ጋር ገበያ ወጣን። እናቴ ቅርጫቶቿን ዘርግታ ተቀምጣለች! መንገድ ልቀይር ስል ሰገነት ቀድማ አጎነበሰች።

«ይች ስንት ናት፣ እናቴ?»

እናቴ ዋጋውን ነገረቻት። እኔን ቀና ብላ አላየችኝም። አላወቀችኝም እንዳልል፣ ጣቶቿ ይንቀጠቀጡ ነበር። እንዳትጋለጥብኝ ብላ ነው። እኔም እንደ ባዳ ቆምሁ። ሰገነት ገዝታ ስንመለስ «እጃቸውስ ወርቅ ነበር፤ ምን ያረጋል፣ ጉማሬ ይበላሉ» አለችኝ።

ጉማሬ በልቼ አላውቅም። የአያቶቻችን ወሬ ነው። ብበላስ?

እናቷን ገበያ ላይ እንደማታውቅ ያለፈች ሰው ምን ትባላለች?

ጥቅምት 14

ቆጠርሁ። ሰማንያ አራት ወረቀት። ከኩባ ሰው ጋር የሚበላ ሰማንያ ሁለት፣ የሚጋባ ስድሳ። ከወይጦ ጋር የሚበላ አምስት፣ አንዷ እኔ ነኝ። የሚጋባ የለም። እኔ ራሴ እንኳ «አይ» ብያለሁ። ለካ ፈርቼ ነው...

ስም አይጻፍበትም። የሰገነት እጅ ጽሑፍ ግን እንዴት ይጠፋኛል? ትምህርቱን የምገለብጠው ከሷ ደብተር ነው። ቪየትናም ላይ «ካገኘሁ ዛሬውኑ አገባለሁ!» ብላለች። ሳቄ መጣ። ወደ ታች ወረድሁ። አሥራ ዘጠኝ። «ውኃም አልጠጣም።»

እራት አብረን በላን። ሁለቴ ጎርሼ እጄን ሰበሰብሁ። «አመመሽ እንዴ?» አለችና ውኃ ቀዳችልኝ።

ጥቅምት 16

ውጤቱን በውይይት ክበብ የማነበው እኔ ነኝ። መምህር አንዳርጋቸው ወረቀቱን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«አሥራ ዘጠኝን ዝለያት፣ ሐዋ።»

«ለምን፣ መምህር?»

«ከአውራጃ ጓዶች ይመጣሉ። አብዮቱ እኩል አደረገን እያልን ይች... ደግሞ ማን ይቀየማል? እዚህ ግቢ አንድም የለ።»

አንድም የለ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ጥቅምት 18

አነበብሁ። ኩባ፣ ጭብጨባ። ቪየትናም፣ ጭብጨባ። አሥራ ስምንት ላይ ቆምሁ። መምህሩ በእጃቸው እለፊው አሉኝ። ገበያው መጣብኝ፣ የእናቴ ጣቶች።

«አሥራ ዘጠኝ። ወይጦ። አብሮ የሚበላ አምስት። የሚጋባ የለም።»

ከኋላ አዘዘ፣ ያ ቀልደኛው፣ «ደሞ ወይጦ የት አለና ነው!» ብሎ አሳቃቸው።

«እዚህ አለሁ» አልሁ።

ከዚያ በኋላ ያልሁትን በደንብ አላስታውስም። የእናቴን ስም የጠራሁ ይመስለኛል። ሰገነት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው። ከዚያ ተነስታ ወጣች።

ጥቅምት 19

ሰገነት አላደረችም። ምግብ ቤት ስቀመጥ ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ሁሉ ሳህናቸውን ይዘው ተነሱ። እስላሞቹም ጭምር። ስምንት ሰው የሚይዝ ጠረጴዛ ለብቻዬ! ጌታ ሆንሁ።

ከፋኝ። በጣም ከፋኝ።

ጥቅምት 22

መጣች። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አባቴ ዘንድ ነበርሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ቄደር ተጠመቅሁ።»

የረከሰ ክርስቲያን የሚነጻበት ጥምቀት ነው። ያረከስኋት እኔ ነኝ። የሁለት ዓመት ሽሮ...

«ለምን ዋሸሽኝ፣ ሐዋ?»

«ብነግርሽ አብረሽኝ ትበይ ነበር?»

«አልበላም ነበር» አለች።

እሷስ አልዋሸችም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። ስታለቅስ ሰማሁ፤ ዞሬ አላየኋትም። ምን አባቷ ያስለቅሳታል?

ጥቅምት 24

ምሳ ሰዓት። እንደ ሰሞኑ ብቻዬን ነኝ። ሰገነት ባዶ እጇን መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ መብላቱን ተወ። ከኔ ሳህን ቆረሰች፣ ጎረሰች። አላመጠች፣ አላመጠች... ፊቷ ገረጣ። ዋጠችው።

«ቄደሩስ?» አልኋት።

«እንደገና እጠመቃለሁ።»

«ነገ ብትበይስ?»

«ነገም እጠመቃለሁ። አባቴ እስኪሰለቻቸው።»

ዛሬም እረክሳለሁ ብላ ታምናለች ማለት ነው። ተነስቼ ልሂድባት አልሁ። እንዲህ ያለ ወዳጅነት ምን ይሉታል? ግን እያመነች፣ እየፈራች ነው የቆረሰችው፤ እኔ እናቴን ሰላም ለማለት ያጣሁት ድፍረት ነው። እግሬ እምቢ አለ።

ጠቅልዬ እጄን ዘረጋሁላት። ጣቶቼን አየቻቸው። አፏን ከፈተች።