ከሽንኩርት መጋዘን የጀመርነው ትምህርት ቤት

ሰኔ 23 ቀን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ

የእናቴ ልጅ፣ ታናሽ እህቴ፤

አለሽልኝ ወይ? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ቻለልሽ? እኔ ከወገቤ በላይ ደህና ነኝ፤ ከወገቤ በታች ያለውን ለፈጣሪ ትቼዋለሁ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ የማኅበራችንን አለቃ፣ ነጎድጓድን፣ በቀበርን በሳምንቱ ነው። «ልጅ ሳልወልድ ያረጀሁት፣ ባሌም ቀድሞኝ የሄደው፣ ከደናግል ማኅበሩ የወጣሁ ዕለት ነጎድጓድ ፊታቸውን አዙረው ስለረገሙኝ ነው» ብለሻል። ሁለቴ አነበብኩት። ይህን ሁሉ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር በሆድሽ ይዘሽ ስትኖሪ አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አትዪም? የዚያን ቀን ነገር ግማሹን ብቻ ነው ያየሽው። ሌላውን እኔ ልንገርሽ፤ ግን ከመጀመሪያው ልጀምር፣ የእሳቸውን ነገር ማውራት ናፍቆኛል።

መጋዘኑ ትዝ ይልሻል? የሰፈሩ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሲሰጠን ግድግዳው ሳይቀር ሽንኩርት ሽንኩርት ይል ነበር። «ልጆቹ ገና ፈተና ሳንሰጣቸው ያለቅሳሉ» እያልሽ ታስቂን ነበር። ነጎድጓድ ቤት ለቤት ዞረው አባቶችን ተከራከሩ። ያ ዳቦ ጋጋሪ፣ «ሴት ልጅ ስምንተኛን ከጨረሰች ምን ቀራት?» ቢላቸው፣ «ዘጠነኛ!» ብለው ሲጮኹበት የያዘው ሊጥ አመለጠው። በማግስቱ ልጁን ላካት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እኔና አንቺ ጠመኔያችንን አስቀምጠን እስኪያባራ እንጠብቃለን፤ እሳቸው ግን ከዝናቡ ጋር እልህ ተጋብተው ያስተምራሉ። ልጆቹ «ነጎድጓድ» ያሏቸው ለዚሁ ነው።

ከዚያ አናጺው መጣ። ዴስክ ሊሠራልን መጥቶ የሒሳብ አስተማሪያችንን፣ አንቺን፣ ይዞብን ሄደ። የመጨረሻውን መሐላ ገና አልፈጸምሽም ነበርና ሊይዝሽ የሚችል አልነበረም፤ ሊይዝሽ የፈለገም አልነበረም። እናታችን እንኳ፣ «ሁለት ብሰጠው አንዷን መለሰልኝ፤ እግዜር ስስታም አይደለም» ብላ በደስታ አለቀሰች።

በሩ ላይ ሻንጣሽን ይዘሽ «ይመርቁኝ» ስትያቸው ዝም ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እውነትሽን ነው። አንቺ ግን በጀርባቸው በኩል ነበርሽ፤ እኔ በፊታቸው በኩል። እንባቸው እስከ አንገታቸው ይወርድ ነበር። አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ቃል አይወጣም። መኪናው ማዕዘኑን ከዞረ በኋላ ነው፣ «ሂጂ ልጄ፣ የረገጥሽው ይለምልም» ያሉት። የሰማናቸው እኔና ዘበኛው ብቻ ነን። ይህ ነው እርግማን ያልሽው። ተረገምኩ ብለሽ ታስቢያለሽ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ።

በማግስቱ ክፍልሽ ገቡ። ሒሳብ እንደሆነ አይሆንላቸውም። «መምህራችሁ ትዳር ይዛለች፤ ደስ ይበላችሁ። ሌላ አስተማሪ እስክናገኝ ከእናንተ ጋር እማራለሁ» አሏቸው። ከዳቦ ጋጋሪው ልጅ ከሣቂታ ጎን፣ ባልሽ በሠራው ዴስክ ላይ ጉልበታቸው አልገባ ብሎ ተጣብበው፣ መልመጃ ሲሠሩ አይቻቸዋለሁ። ሲሳሳቱ ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

ትምህርት ቤቱ እንዴት እንዳደገ በወሬ ሰምተሻል። አስራ አንደኛና አስራ ሁለተኛ ተጨመሩ፣ ቤተ ሙከራ ተሠራ። ወንዶች ይግቡ ሲባል እኔ አኮረፍኩ። «ወንዶቹስ ከሰማይ ይወርዳሉ? የእነዚሁ የተማሪዎቻችን ልጆች አይደሉም ወይ?» ብለው ተቆጡኝ። መጋዘኑ መጀመሪያ የመመገቢያ አዳራሽ ሆነ፤ በኋላም ፈርሶ ባለ አራት ፎቅ ተተከለበት። ትምህርት ቤቱ በወፈረ ቁጥር ግን እኛ ከሳን። አዲስ የምትገባ ወጣት ጠፋች፤ ከነበሩት አንዷ ትሞታለች፣ ሌላዋ ትዛወራለች። በመጨረሻ ያን ሁሉ ሰው ይይዝ የነበረውን ገበታ እኔና ነጎድጓድ ጫፍና ጫፍ ይዘን ቀረን።

አምና ጉሮሯቸው ታመመ። ድምፃቸው ጭራሽ ጠፋ፤ አስቢው፣ የእሳቸው ድምፅ! ልጆቹ እንዳይረብሿቸው ብዬ መስኮቱን ስዘጋ በእጃቸው «ክፈቺ» ይሉኛል። የእረፍት ሰዓት ጫጫታ ሲሰሙ ፊታቸው ይፈታል። ባለፈው ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እጄን ያዙና መዳፌ ላይ በጣታቸው «ሒሳቧስ?» ብለው ጻፉ። አንቺን ነው። «ደህና ናት፣ ትጽፍልኛለች» አልኳቸው። ጣቴን ጨብጠው ብዙ ቆዩ። በዚያው ሳምንት አረፉ። ደብዳቤሽ ትንሽ ቀደም ብሎ ቢደርስ ኖሮ… እሱንስ ተይው።

ዓርብ ትምህርት ቤቱን አስረከብኩ። ማኅበሩ አንዲት አሮጊት ብቻዋን አትኖርም ብሎ ወስኗል። አዲሷ ርእሰ መምህር ሣቂታ ናት። ዛሬ ባለ መነጽር ወይዘሮ ሆናለች። ተማሪው ፊት ቁልፉን ስትቀበለኝ ልትስቅ ሞክራ አልሆነላትም።

«ሲስተር፣ አሁን የት ሊሄዱ ነው?» አለችኝ።

«የማኅበራችን አሮጊቶች ቤት። እዚያ ደግሞ እኔ ልጅ እግር ነኝ፤ ውሃ ቅጂ፣ በር ዝጊ እባላለሁ» አልኳት።

ተማሪው ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። መኪና ውስጥ ከገባሁ በኋላ ግን የፎቁን መስኮቶች ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

የተሰጠኝ ክፍል ሁለት አልጋ አለው። አንዱን አውጡልኝ ብል፣ «ይቀመጥ፣ ቦታ አላጣበበም» አሉኝ። ትናንት አንሶላ አነጠፍኩበት። በግድግዳው በኩል ያለው ነው፤ ነፋስ አያገኘውም፤ ክፍሉም ደረጃ የለበትም። ባዶ ፍራሽ ማየት ስለማልወድ ነው እንጂ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

የባልሽን ነፍስ ይማር። አንቺንም በሄድሽበት ሰው አያሳጣሽ፣ እንቅልፍሽን የጤና ያድርገው።

ታላቅ እህትሽ