በሸሚዜ ልክ የተሰጠኝ ጭምብል

ለተከበሩ የእንቅልፍ ሕክምና ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እላለሁ። የክፍልዎ ስልክ ስንት ጊዜ ቢጠራ የሚያነሳው ስለሌለ፣ በእርስዎ በኩል እንቅልፍ ሰላም መሆኑን ተረድቼ እጅግ ደስ ብሎኛል።

እኔ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ፤ ነበርኩ ብል ይቀላል። ቀይ መብራት ላይ እንደቆምኩ እንቅልፍ ጥሎኝ፣ መብራቱ ሲለወጥ ተሳፋሪው በጩኸት ቀሰቀሰኝ። ተመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። እናንተም መርምራችሁ፣ ስተኛ ትንፋሼ እየተቋረጠ እንደሚያንቀኝ ደረሳችሁበት፤ ለዚህ ምስጋናዬ የእውነት ነው። በአፍንጫ ጭምብል አየር የሚነፋ መሣሪያ ሰጣችሁኝና፣ በአግባቡ መጠቀሜን መሣሪያው ራሱ ለቢሮዎ እስኪመሰክር ድረስ መሪ እንዳልጨብጥ ተወሰነ። ይሁን፣ አልቃወምም። እስከዚያው ጋራዥ ውስጥ አውቶቡስ አጥባለሁ።

አቤቱታዬ ይህ ነው፦

፩. ጭምብሉን ያደሉኝ ባለሙያ ቀና ብለው ፊቴን ሳያዩ የሸሚዜን ቁጥር ጠየቁኝ። ትልቅ ነው አልኩ፤ ትልቅ ጭምብል ሰጡኝ፤ የክፍሉ አሠራር ነው ተባልኩ። ሆዴ ሰፊ መሆኑን አልክድም፤ አፍንጫዬ ግን የእናቴ ነው፣ ትንሽዬ። እንድተነፍሰው የተላከልኝ አየር በጎን እያመለጠ ዓይኔን ሲነፋው ያድራል። ዓይኔ ቀልቶ ጋራዥ ስገባ፣ ጓደኞቼ የት ሲጠጣ አደረ እያሉ ይሳለቁብኛል።

፪. ይቀየርልኝ ብዬ ብመጣ ማሰሪያውን ጠበቅ እንዳደርግ ተመከርኩ። አጠበቅሁት። ጉንጬ ላይ የወጣውን ሰንበር የልጅ ልጄ በጣቷ እየተከተለች አውቶቡስ ትነዳበታለች። ከቤታችን ሥራ ያላት ሹፌር እርሷ ብቻ ናት።

፫. በመጨረሻ ከቢሮዎ መልእክት መጣ፦ «ታካሚው ለመልመድ ፈቃደኛ አይደለም»፤ ስለዚህ መሣሪያው ተወስዶ ለሌላ ሊሰጥ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው፤ ጭምብሉን መክሰስ ቢከብድ ፊቴ ተከሰሰ። ክቡርነትዎ፣ ተናድጃለሁ። ባለቤቴ ትንፋሼ እንዳይቆም ስትጠብቅ ማደር መሯታል፤ እኔም ሥራዬን እፈልጋለሁ፣ መሞትም አልፈልግም።

ፊቴን በጭምብሉ ልክ አሳድጌ እስክቀርብ ድረስ ስለሚያሳዩኝ ትዕግሥት ከወዲሁ እያመሰገንኩ፣

ከታላቅ አክብሮትና ከቀላ ዓይን ጋር፣
አፍንጫው ትንሹ ታካሚዎ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው ከቢሮዎ የደስታ መልእክት ደረሰኝ፤ ትናንት ያለ እንከን ማደሬን፣ በዚሁ ከቀጠልኩም መሪው እንደሚመለስልኝ ይገልጻል። ትናንት ጭምብሉን ያጠለቀችው ባለቤቴ ነበረች፤ በእኔ ማማረር ተናዳ፣ ይህን ያህል ምን ይከብዳል ብላ። ቀጭን ናት፤ አፍንጫዋ ግን ሰፋ ያለ ስለሆነ ልክክ አለላትና እስኪነጋ አልተገላበጠችም። በማስረጃችሁ መሠረት መሪው የሚገባው ለእርሷ ነውና ቅር አይለኝም፤ ችግሩ መንዳት አለመቻሏ ብቻ ነው። የአውቶቡስ መስመራችን በቢሮዎ ደጅ ስለሚያልፍ፣ መንገድ ሲሻገሩ ግራ ቀኝ እንዲያዩ በአክብሮት አሳስባለሁ።